ማንም የማይተኛበት ፍራሽ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
የሳሎኑን ፍራሽ ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ማንም ተኝቶበት አያውቅም... ግን አከራያችን እማማ ብርነሽ ያዩታላ። ቤቱን ስንከራይ "ምንህ ናት?" ሲሉት መሓሪ "እህቴ" አላቸው። ላልተጋቡ አያከራዩም። ትንሽ ሠርተን እንጋባለን ብለን ነበር፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው።

ከሥራ ስንመለስ ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ እጄን ይዞኝ ነበር። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ለቀቀኝ። ሁሌም እዚያ ጋ ነው የሚለቀኝ።

ኅዳር 9
ናፈቀኝ። አብሮኝ እየኖረ ይናፍቀኛል... ይሄ ምን ይባላል?

ኅዳር 14፣ እሑድ
ጉድ ነው፣ ሽማግሌ መጣብኝ። እማማ ብርነሽ ናቸው የላኩት፣ ለእህታቸው ልጅ ለቴዎ። ሜክሲኮ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እኔን ከ"ወንድሜ" ጠየቁ። ጓዳ ሻይ እያፈላሁ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ የመሓሪን ድምፅ ሰማሁ...

"ከቤተሰብ ጋር ልማከርና የዛሬ ሳምንት መልስ እሰጣለሁ።"

ሳቄ ጠፋ። ሲሄዱ፣ ምን ልበላቸው ታዲያ፣ ቤት ከየት እናመጣለን አለኝ። እውነቱን ነው፤ ካዛንቺስ ስንቱ ፈርሶ ኪራይ እሳት ሆኗል። ግን እኔ ቤት ነው እንዴ የፈለግኩት? አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ የኔ ናት ቢለኝ...

ኅዳር 18
ፍራሹ ዛሬ ሰው ተኛበት። እኔ ነኝ መሓሪን ከመኝታ ቤት ያስወጣሁት። ሲገላበጥ ይሰማኛል። አልጠራውም።

ኅዳር 21፣ እሑድ
ሽማግሌዎቹ ከእማማ ብርነሽ ጋር መጡ። መሓሪ፣ ታጭታለች፣ እጮኛዋ አገር ቤት ነው አላቸው። ሌላ ውሸት! የጓዳውን መጋረጃ ገልጬ ወጣሁ።

"እጮኛዬ ይሄው ነው። ወንድሜ አይደለም።"

እማማ ብርነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኔ እኮ እንደ ልጄ ነበር የማይሽ አሉኝና ወሩ ሳያልቅ ልቀቁልኝ ብለው ወጡ። አለቀስኩ። መሓሪ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ
ደላላው ጉተማ ለገሃር ጀርባ አንድ ቤት አሳየን። ንጹሕ፣ መስኮቱ ሰፊ። የቤቱ ባለቤት እኔን አየት አድርገው መሓሪን "ምንህ ናት?" አሉት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"አልተጋባንም፣ እማማ። ግን የኔ ናት።"

እንግዲያው አይሆንም አሉን። ጉተማ፣ ሚስቴ ናት ብትል ምን ነበረበት እያለ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጨ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ የምረግጠውንም አላውቅ።

ሰፈር ስንደርስ እማማ ብርነሽ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ቆመዋል። የግቢው በር ጋ እንደ ልማዱ ይለቀኛል ብዬ እጄን ልስብ ስል አልለቀቀኝም። ይዞኝ ገባ።