ከገጹ ግርጌ

ኅዳር 4
…ያኔ፣ መጽሐፌ ሊታተም ሲል፣ የርእሱን ገጽ ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ «ስምሽ ግርጌ ላይ ሲያንስ ያምራል» አለኝ። ሰይፈ ሚካኤል፣ ባሌ። የመጽሐፌን የውስጥ ገጾች ያቀናበረው እሱ ነው። የራሱን ስም አናት ላይ በትልቁ… «ንድፍ» የምትለውን ቃል ደግሞ ከሥሩ፣ የጉንዳን እግር አሳክሎ። ነጩ ባዶ ቦታ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ነገ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ላየው። አንድ ቅጂ ከሰጠኋቸው ወር ሞላ።

ኅዳር 5
በካርድ ማውጫው፣ በስሜ «ፍ» ውስጥ የለም። «ሰ» ውስጥ አገኘሁት።
ደራሲ፦ ሰይፈ ሚካኤል ይትባረክ። አሳታሚ፦ ፍቅርአዲስ ወልደጻድቅ።
አሳታሚ። እኔ። ስድስት ዓመት ጽፌ…
መዝጋቢዋን ቱሪያን ጠየቅኳት። ሽፋኑ ላይ እኮ ስሜ አለ?
«ሽፋን አናይም እህቴ፣ ሽፋን ይቀደዳል። የርእሱን ገጽ ነው የምናምነው። አናቱ ላይ ደራሲ፣ ግርጌው ላይ አሳታሚ። እስቲ ራስሽ እዪው።»
አየሁት። እውነቷን ነው። እሱ ነው ያንገበገበኝ።
«ሰውየው ‹ደራሲው እኔ አይደለሁም› ብሎ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣ ወላሂ።»

ኅዳር 6
ነገርኩት። ሳቀ።
«ተይ አቦ። ምን ልዩነት አለው? አንድ ቤት አይደለን?»
አንድ ቤት… ስጽፍ በሩን ገፋ አድርጎ «አሁንም እሱኑ ነው?» የሚለኝ ቤት።

ኅዳር 9
አልጻፈም።
ባለሱቁ ሊበን፣ «ልጄ የባልሽን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ አመጣች፣ ሽፋኑ ተቀዷል እንጂ። ማሻአላህ፣ የሴት ልብ ያውቃል» አለኝ። ሰይፈ አጠገቤ ቆሟል። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።
«አመሰግናለሁ» አለ።
እስከ ቤት ቀድሜው ሄድኩ። እሱ ግን እያፏጨ ነበር።

ኅዳር 12
ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ጠርዙ የተስተካከለ፣ ስሙ አናት ላይ። «መጽሐፉን ከባለቤቴ ጋር በጋራ መጻፌን አረጋግጣለሁ።»
በጋራ…
ከቁም ሳጥኑ ሥር ደብተሮቹን አወጣሁ። ዘጠኝ ናቸው። የእጅ ጽሑፌ፣ ስርዝ ድልዙ፣ የላቤ እድፍ። አንዱን እንኳ ከፍቶ አያውቅም። ቱሪያ የምታምነው ገጽ ከሆነ፣ ገጽ ሞልቶኛል።
ደብዳቤውን እዚያው ተውኩት።
«ወዴት ነው?» አለ ሰይፈ።
«ቱሪያ ጋ።»
«በዚህ ፀሐይ? ማታ እንነጋገራለን አቦ።»
የጠራሁት ባጃጅ ደጅ ቆሟል። ይህን የቀን ማስታወሻዬን ደብተር ስጨምር አሥር ሆኑ። አቀፍኳቸው።
በሩን ዘጋሁት።