ከኩሬው ዳር ያልተመለስኩበት ምክንያት

እታለሜ፣

በጽሑፍ ጤናሽን ከጠየቅኩሽ ከዓመት በላይ ሆነኝ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ደም ግፊትሽስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ትዝ ሲልሽ ብቻ? ባለቤትሽንና ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከመጣሁበት ቀን ይሻላል፤ ደረጃ ስወርድ ብቻ ይቆረጥመኛል።

ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ጣልኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቻለሁ፣ አራት ጊዜ መልሼ ዘግቼዋለሁ። ቅዳሜ መኪናው ዕቃዬን ጭኖ ወደ ቤትሽ ሊያመጣ ነው፤ አንቺም ቀለም አስቀብተሽ፣ አልጋ አስገብተሽ ክፍሉን አዘጋጅተሽልኛል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቅኩ ወዲህ "ብቻሽን ወድቀሽ ሳትገኚ ነይልኝ" ስትዪኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። እሺ ካልኩ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ የምል ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ሐኪሙ "ለጉልበትሽ ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ ይጠቅምሻል" ብሎ ወደዚህ ሲልከኝ ያሰብኩት ሦስት ቀን ነበር። ዛሬ ዐሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ቦታው ጸጥ ያለ ነው፤ ከአለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ የሞላው ሰፊ ኩሬ፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ ወደ ውሃው የሚያወርዱ ዐሥራ አንድ ደረጃዎች። በሥራ ቀን ከአምስት ሰው በላይ አይመጣም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰው መነጽር አጥልቆ፣ ቱቦ በአፉ ነክሶ እየተነፈሰ፣ በሆዱ ተንሳፍፎ ዓሣ ያያል። ማረፍ ማለት ይህ ነው አሉኝ።

እኔ እንዴት እንደማርፍ መቼም አታጪውም። በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም አወጣሁ፤ ሃያ ደቂቃ ውሃ፣ ዐሥር ደቂቃ ፀሐይ። ፊቴን ውሃ ውስጥ እንደከተትኩ ትንፋሼን መቁጠር ጀመርኩ፤ ስድስት ላይ ታፈንኩና ብድግ አልኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ብድግ።

መነጽር የሚያከራየው ሰው ከደረጃው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ "ቲቸር፣ ይሄ ውሃ እኮ ፈተና የለውም" አለኝ። ዞር ብዬ ባየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የነበረው፣ ደወል የሚደውለው፣ ተማሪዎቹ "ደቂቃ" የሚሉት! ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደበት ተመልሶ ይህን ቦታ ይጠብቃል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። "እርስዎ ግን አልተለወጡም፤ ዛሬም ከሰው ሁሉ ቀድመው ነው የመጡት" አለኝ። አሽሙር ይሁን ምስጋና አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ እሱ ሆነ። ማስተማር ያውቅበታል፤ ይህን የምልሽ በሠላሳ ሦስት ዓመት ልምዴ ነው። አያጣድፍም። ክርኔን በሁለት ጣት ብቻ ይዞ፣ "አይቁጠሩት፤ ባይቆጥሩትም ትንፋሽ የትም አይሄድም" ይለኛል። በስምንተኛው ቀን አንዲት ጥቁር ጭራ ያላት ዓሣ መነጽሬ ፊት መጥታ አፈጠጠችብኝ፤ ሳቄ አመለጠኝና ውሃ ዋጥኩ። "በቱቦ የሚስቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ" ብሎ ሲስቅ ሊወድቅ ደረሰ።

አሁን የከበደኝን ልናገር። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት በዚህ ሰው ላይ የጻፍኩትን አቤቱታ ታስታውሺዋለሽ። ለርዕሰ መምህሩ ከመስጠቴ በፊት ሳነብልሽ፣ "አንቺ እኮ ሰው ሳይሆን ሰዓት ሆነሽ መወለድ ነበረብሽ" ብለሽ ስቀሻል። የአራተኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ደወል ማክሰኞና ሐሙስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይዘገያል ብዬ፣ የመንፈቅ ዓመት መረጃ በሰንጠረዥ አያይዤ ነበር። ሰውየው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ደወሉም ከዚያ ወዲያ አልዘገየም። እኔም ደግ ሠራሁ ብዬ ረሳሁት።

ባለፈው ሰኞ ከውሃ ወጥተን ደረጃው ላይ እንደተቀመጥን ይቅርታ ጠየቅኩት። ቂም አልያዘም፤ ጭራሽ አሾፈብኝ። "ሰንጠረዡን ርዕሰ መምህሩ አሳይቶኛል፤ በማስመሪያ ነበር ያሰመርሽው" አለ። (ከሳምንት ወዲህ "እርስዎ"ን ትቶታል፤ እኔም አላረምኩትም።) ታዲያ ለምን ሁለቱን ቀን ብቻ ያዘገይ እንደነበር ጠየቅኩት። የደወሉ ብረት የተሰቀለው፣ ማክሰኞና ሐሙስ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ልብ ወለድ ታሪክ ከማነብበት ክፍል መስኮት ሥር ነበር። ቱቦውን ውሃ ውስጥ እያለቀለቀ፣ ቀና ሳይል፣ "አንብበሽ ሳትጨርሺ ልደውል?" አለኝ።

ቱቦውን አራግፎ መነጽሬን አቀበለኝ። እኔም አጥልቄው ወደ ውሃው ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ያንን ሰንጠረዥ በሐሳቤ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳሰመርኩት አትጠይቂኝ። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ክፍሉን ሁሉ ይዤው ነበር፤ ከታች ፈርሜበታለሁም። ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያመጣልኝ "ምክንያቱስ?" ብዬ ግማሹን ነጥብ እቀንስበት ነበር።

እታለሜ፣ ለባለ መኪናው ደውይና ቅዳሜ እንዳይመጣ ንገሪው። ክፍሉን ለትልቋ ልጅሽ ስጫት፤ ከታናናሾቿ ጋር ተጨናንቃ ነው የምታጠናው። ቃሌን ስላጠፍኩ ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። "በስድሳ አንድ ዓመትሽ?" ብቻ እንዳትዪኝ፤ ዕድሜዬን ካንቺ ይልቅ እኔ ቆጥሬዋለሁ። እዚህ ሁለት ክፍል ያላት ቤት አግኝቻለሁ፤ ግድግዳዋ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። የቀረውን ፊት ለፊት እንጂ በወረቀት ለመናገር ገና አልደፈርኩም።

የልጆችሽን ደስታ በዓይንሽ ያሳይሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጣ፤ አንቺንም ጤና ያሰንብትልኝ። ክረምቱ ሲያልፍ መጥተሽ ጠይቂን።

ታናሽ እህትሽ