ሁለተኛው አቤቱታ

ማርች 3
ቁርስ ያው ውሃ የበዛበት ገንፎ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሥራ። ከሰዓት እህቴ ቨርሊን ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ኦዴል ማለ!» አለችኝ።

የቱ ኦዴል?

«ስንት ኦዴል ታውቃለህ? ላማር፣ አንተ ሰው ላይ ስትተኩስ አይቻለሁ ብሎ ያስፈረደብህ ነዋ! ዋሽቼ ነው፣ መርማሪው ነው እንዲህ በል ያለኝ ብሎ በመሐላ ፈረመ።»

ዕድሜ ልክ የገባሁት በዚያ ሰው ቃል ብቻ ነው… ሳንባው አልቋል አሉ፣ በኦክስጅን ነው ያለው። እውነት ትዝ የሚለው ሞት ሲቀርብ ነው?

ማርች 9
ፐርቪስ አቤቱታውን ጻፈልኝ። እስረኛ ነው፣ ሕግ የተማረው እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ድሮ ለፌዴራል ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን የጻፈልኝም እሱ። ያኔ ማስረጃ አልነበረንም፣ ወደቀ። «አሁን ግን ዳኛው ዝም ብሎ አያልፈውም» ይላል። ፖስታውን ለጠባቂው ሰጠሁ።

ኤፕሪል 14
ተመለሰ። ዳኛው የኦዴልን ቃል ጭራሽ አላየውም! ሁለተኛ አቤቱታ ስለሆነ መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይፍቀድልህ፣ እኔ ሥልጣን የለኝም ይላል። ፐርቪስ ጋ ሄድኩ።

«ይሄን አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ… ማስረጃው እንዲህ ከከበደ ያየዋል ብዬ…»

«ብዬ!»

«ስማኝ ልጄ…»

«ልጄ አትበለኝ!»

አንቀው አንቀው አለኝ። ሰውዬው በቧንቧ ይተነፍሳል፣ እኛ በር ተሳስተን ጊዜ እናቃጥላለን።

ኤፕሪል 16
ፐርቪስን አኩርፌዋለሁ።

ኤፕሪል 17
ታረቅሁ። ሌላ ማን አለኝ? የፈቃድ ማመልከቻውን ጻፍን። «ይህን ማስረጃ ቀድመህ ለምን አላገኘኸውም ይሉሃል» አለ። ምን ልበላቸው? ሰው እስኪጸጸት ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? እምቢ ካሉ ይግባኝ የለው፣ እንደገና እዩልኝ የለው… አለቀ።

ሜይ 11
ቨርሊን ደወልኩላት። ኦዴል ሆስፒታል ገብቷል። «ጸልይ» አለችኝ። ለእሱም ፈቃድ ያስፈልግ ይሆን?

ሜይ 20
ፈቀዱ! ሦስቱም ዳኞች! ፐርቪስ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። «ነጻ ነህ አላሉም እኮ። ግባና ተናገር ነው ያሉት» አለና ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። አቀፍኩት። ፈራሁም። ኦዴል እስከዚያ ይቆይ ይሆን?

ኦክቶበር 6
ችሎት። ያው ዳኛ። እግሬ በሰንሰለት፣ ቨርሊን ከኋላዬ። ኦዴልን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ አስገቡት። አጥንቱ ቀርቷል።

የዐቃቤ ሕጉ ሰው ተነሣ። «በሐሰት መመስከርዎ እንደሚያስከስስዎት ያውቃሉ?»

«ጌታዬ፣ እስክትከሱኝ የምቆይ ይመስልዎታል?»

አንድ ሰው ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

ፍርድ ቤቱ ያቆመልኝ ጠበቃ ጠየቀችው፣ «ያን ቀን ሲተኩስ ያዩት ሰው ላማር ነበር?»

ኦዴል ወደ እኔ ዞረ። ሁለታችንም አርጅተናል። «እሱ አይደለም» አለ፣ ግን ድምፁ አልወጣም።

ዳኛው ጎንበስ አለ። «ይድገሙት።»

ደገመው።