ፈተና በማለፉ ከተሐድሶ ሥልጠና ስለተሰናበተው ባለቤቴ

ቀን፦ ኖቬምበር 18 ቀን 2024፣ ሰኞ

ለሃይሺን ወረዳ የተሐድሶና እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሃይሺን ወደብ፣ ሰሜን ታይዋን

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ቶንግ ጂንፋ ከአእምሮ ተሐድሶ ሥልጠና የተሰናበተበት ውሳኔ እንዲነሣና በሌላ ፈተና እንደገና እንዲመዘን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. አመልካች ጂየን ሱቺን እባላለሁ። ባለቤቴ ቶንግ ጂንፋ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ዕድሜውን በወደቡ የዓሣ ገበያ በጨረታ ጠሪነት አሳልፏል። ኤች አይ ቪ በደሙ መኖሩ የታወቀው በጣም ዘግይቶ፣ አእምሮውን ከጎዳው በኋላ ነው። ቫይረሱ እንዴት እንደያዘው እኔና እሱ ተነጋግረን የጨረስነው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። እኔ ተመርምሬ ነፃ ነኝ።

2. ጉዳቱን መጀመሪያ ያየነው ገበያው ላይ ነው። ጨረታ ጠሪ ገዢዎች በጣታቸው የሚያሳዩትን ዋጋ ሁሉ በአንዴ ይዞ፣ በዜማ እየጠራ ከፍ ማድረግ አለበት። ጂንፋ ዜማውን አልረሳም። ዋጋው ግን ከአእምሮው እየወደቀ አንዱን ቅርጫት ለሁለት ሰው ሸጠ። ገዢዎቹ፣ «ጂንፋ፣ ዛሬ የሰከረው ዓሣው ነው ወይስ አንተ?» እያሉ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲደርስ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

3. ሐኪሙ መድኃኒቱ ቫይረሱን እንደሚያስቆመው፣ የተጎዳውን የአእምሮ ክፍል ግን መድኃኒት ብቻውን እንደማይመልሰው ነግሮን ወደ እርስዎ ማዕከል ላከን። እዚያ መምህርት ፋንግ ፔዪዩን ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ አሠለጠኑት። ያስተማሩትን ልግለጽ። ማታ ሩዝ ማብሰያውን ሲያበራ ክኒኑን እንዲውጥ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አሰሩለት። ቁጥር ከመጻፉ በፊት ጮክ ብሎ እንዲጠራው አለማመዱት፤ በዚህ ምክንያት ገበያው ዓሣ እየመዘነ በሚመዘግብበት ሥራ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ከቤት እስከ ማዕከሉ በአውቶቡስ ብቻውን እንዲሄድ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ በመጨረሻ ማቆሚያው ላይ እየጠበቁ አስተማሩት። ብቻውን የደረሰ ዕለት ስልክ ደውሎ፣ «ሱቺን፣ ራሴን አደረስኩት» አለኝ።

4. ሥልጠናው አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። በቤታችን አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር የተማረው ይፈርሳል፤ መምህርቷ ደግሞ እንደገና ይገነቡታል። በሴፕቴምበር የሕክምና ጣቢያው ነጩን ክኒን በሮዝ ቀየረው። ጂንፋ ሮዙን «የኔ አይደለም፣ የሰው ነው» ብሎ አልነካም አለ። መምህርት ፋንግ ሮዙ የእሱ መሆኑን እያስለመዱት ሳለ ነው የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ የደረሰን።

5. ውሳኔው እንደሚለው ባለቤቴ በኦክቶበር በተደረገው ምዘና ያገኘው ነጥብ ከጤነኛ ሰው መነሻ በላይ በመሆኑ፣ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ቦታው ለሌላ ተረኛ ተሰጥቷል። ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ሕመምተኞች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የማንንም ቦታ አልመኝም። ግን ነጥቡ የባለቤቴ አይደለም። እንዴት እንደተገኘ ማስረዳት ግዴታዬ ነው።

6. አማቴ ወይዘሮ ልያው ዩጀን ዕድሜ ልካቸውን የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበሩ። በመጀመሪያው ምዘና ቀን ልጃቸውን ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ መርማሪዋም ከኋላ እንዲቀመጡ ፈቀደችላቸው። ጂንፋ እንዲያስታውስ የተነገሩትን አምስት ቃላት አንዱንም መመለስ አቃተው። አማቴ ልጃቸው በሰው ፊት ሲወድቅ አዩ። ጥያቄዎቹን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሥራ ስገባ፣ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጠው ጥያቄዎቹን ያስጠኑት ነበር። እንደ ክፉ ሐሳብ አልቆጠሩትም። በእኛ አገር ፈተና ያለበት ልጅ ባለበት ቤት የሚደረገው ይኸው ነው፤ እኔም ለራሴ ልጆች አድርጌዋለሁ። ቃላቱ አልያዝ ሲሉት ጊዜ አማቴ አንድ መላ መጣላቸው፦ በጨረታ ዜማ እንዲጠራቸው አደረጉት። «ድልድይ፣ ብርቱካን፣ መስታወት፣ መርፌ፣ ሰማያዊ፤ ማን ይጨምራል?» ዜማው ስላልጠፋበት ቃላቱ ተጣበቁ። የተጠበሰ ስኳር ድንች እያጎረሱ፣ «ድሮም ካልጎተጎቱህ አታጠናም ነበር፤ አሁንም ያው ነህ» ይሉት ነበር አሉ። የምዘናው ጥያቄ በየጊዜው አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ በኦክቶበሩ ፈተና ሁሉንም መለሰ። ቀኑንና ወሩን አውቶቡስ ውስጥ ነግረውታል። ሰዓት ሣል ሲባል የፈተናውን ሰዓት ሣለ። ዛሬም ምሳ የምንበላው ስንት ሰዓት ነው ብዬ እርሳስ ብሰጠው የሚሥለው ያንኑ ሰዓት ነው።

7. ይህን ሁሉ ያወቅሁት ውሳኔው በደረሰን ቀን ነው። አማቴ መከራ ሲያልፍ እንደሚደረገው የአሳማ እግር በቀጭን ኑድል ሠርተው ጠበቁኝ። «አለፈ፣ ልጄ አለፈ» እያሉ ሳህን ሞሉልኝ። ማለፉ ከሥልጠናው እንዳስወጣው ሳስረዳቸው መጀመሪያ ያሾፍኩ መሰላቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «ፈተና ያለፈ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲባረር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከእኛ ጋር ማዕድ አይቀርቡም። ክፍላቸው ሆነው ይበላሉ።

8. ከዚህ በፊት ማመልከቻ ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ቀርቤ ነበር። የተቀበሉኝ ሠራተኛ በክፋት ሳይሆን፣ «እህቴ፣ ሰው ሲሻለው ይደሰታሉ እንጂ አቤቱታ ያቀርባሉ እንዴ? ባለቤትዎ ቢወድቁ ይሻልዎት ነበር?» አሉኝ። አዎ፣ ይሻለኝ ነበር አልኳቸው። ማመልከቻዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

9. ከሥልጠናው ከወጣ ወዲህ የደረሰው ይህ ነው። ሮዙን ክኒን የሚውጥ መስሎኝ ነበር፤ ሩዝ ማብሰያውን ያበራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት የገበያ ቦት ጫማውን ሳጥብ ክኒኖቹን ጫፉ ውስጥ ተጠቅጥቀው አገኘኋቸው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ባለቤቱ ሲመጣ እንዲወስዳቸው ነው ያስቀመጥኩለት» አለኝ። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ፣ ጠፍቶ የነበረው ቫይረስ እንደገና መታየት መጀመሩን ነግሮናል። እንዲህ ከቀጠለ አሁን የቀረው አእምሮ እንደማይቆይም አልደበቀንም። እኔ ቆሜ ላስውጠው ብዬ ሞክሬአለሁ። አፉን ይዘጋል፤ እጄን ይገፋል፤ ገፍቶኝ አያውቅም ነበር። ከመምህርት ፋንግ እጅ ግን ይቀበል ነበር።

10. ሌላው፣ ለመጻፍ የከበደኝ ነገር ነው። ጂንፋ መሰናበቱን አእምሮው አይይዝለትም። ስነግረው እሺ ይላል፤ ማክሰኞ ሲነጋ ልብሱን ለብሶ ወጥቷል። መንገዱን በትክክል ይሄዳል፣ ማቆሚያው ላይ ይወርዳል፣ ማዕከሉ በር ላይ ይቆማል። በመጀመሪያው ማክሰኞ የበሩ ጥበቃ ጋሽ ኬ፣ «አንተ እኮ ፈተናውን አልፈሃል፤ እንኳን ደስ አለህ፣ ቤትህ ግባ» አሉት። እሱም፣ «ካለፍኩ ታዲያ ለምን አታስገቡኝም?» አላቸው። ጋሽ ኬ ይህን ሲነግሩኝ ዓይን ዓይኔን አላዩም። ዓርብም ሄደ። ይዘንብ ነበር፤ መምህርት ፋንግ ወርደው ጃንጥላቸውን ሰጡት፤ ከዚያ በላይ እንዲሰጡ አልተፈቀደላቸውም። ሌሎቹ ሠልጣኞች ሰላም እያሉት አልፈውት ገቡ። እስኪወጡ ድረስ ጠብቆ፣ እንደ ሁልጊዜው አብሯቸው ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

11. ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የሚከተለውን እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፦

ሀ) ባለቤቴ ከዚህ በፊት ባልሰማው ጥያቄ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ ከተቻለም በቤቱና በገበያው የሚዛን ሥራው ላይ እየታየ እንደገና እንዲመዘን፤

ለ) ውጤቱ እስኪታወቅ ከመምህርት ፋንግ ዘንድ እንዲመለስ። ቦታ ከሌለ ወንበር አንፈልግም፤ ሮዙን ክኒን እስኪለምድ ድረስ ቆሞም ይሠለጥናል፤

ሐ) ስለተጠናው ፈተና ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ በእሱና በመምህርት ፋንግ ላይ እንዳይቆጠር። መምህርቷ አያውቁም ነበር። አማቴ በተጠሩ ጊዜ ቀርበው እውነቱን ለመናገር ከዚህ በታች ፈርመዋል፤

መ) ይህ ሁሉ የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ፣ ነገ ማክሰኞ ነውና፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ወደ በሩ ወርዶ የማይገባበትን ምክንያት እንዲነግረው። ዓርብም እንዲነግረው፤ በሚቀጥለው ማክሰኞም። እኔ ነግሬው አልያዘም፤ ጋሽ ኬም ከእንግዲህ አልችልም ብለውኛል።

መልስዎን በአክብሮትና በሰላምታ እየተጠባበቅሁ፣

ጂየን ሱቺን (ፊርማ)
የሠልጣኙ ባለቤት

ልያው ዩጀን (ፊርማ)
የሠልጣኙ እናት