ሦስት ላሞች ገብተው አሥራ ስድስት ልጃገረዶች ስለተከለከሉበት ሜዳ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሀብታሙ
የብሔራዊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አስተናጋጅነት ዐቢይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሦስቱ ላሞችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው ማክሰኞ ማር የፈሰሰበት ጥቁር ጫማዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የጫማውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በዚሁ ከተማ ስለሆነ ደብዳቤ በሥርዓቱ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ወሬ ካበዛሁ ግን ይታገሱኝ፣ ደስታ ነው።

ወይዘሮ ሙሉሽ ኤርጎ እባላለሁ። ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር፣ ከሜዳው አጥር ፊት ለፊት ጁስ የምሸጠው ነኝ። ያውቁኛል፤ ሁልጊዜ ስኳር እንዳይገባበት አዝዘው፣ እኔ ዞር ስል ራስዎ የሚጨምሩት እኔ ቤት ነው። በተጨማሪም የነሪ ሴቶች ቡድን በረኛ የዮርዲ እናት ነኝ። ይህችኛዋን ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ አያውቋትም ነበር።

ከተማችን ብሔራዊ የሴቶች ቡድናችንን ለማስተናገድ ጥያቄ ማቅረቧን በድምፅ ማጉያ የሰማሁ ዕለት፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ማንጎውን ከነልጣጩ መፍጫው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሉሲዎቹ ጂንካ ሊመጡ! እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በዚያው ሜዳ ኳስ እጫወት ነበር። ያኔ አውሮፕላኑ የሚያርፈው መሀል ከተማ ሣሩ ላይ ስለነበረ፣ ጥበቃው ጋሽ ሻንቆ ፊሽካቸውን ሲነፉ ከብቱም እኛም እኩል እንሸሻለን፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከብቱም እኛም እኩል እንመለሳለን። ያ እኩልነት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረ የገባኝ የእርስዎ ኮሚቴ ከተቋቋመ በኋላ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ አጥሩ አመሰግናለሁ። እንግዶቹ ሴቶች በጥሩ ሣር ላይ ይጫወቱ ዘንድ ኮሚቴው የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የከተማዋ ሴቶች እንዳይጫወቱ ማድረግ ነበር። አሥራ ስድስት ልጆች ናቸው፤ ከሃናና ከኦሞራቴ ለትምህርት የመጡም አሉባቸው። ሁሌ ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳው የእነሱ ነበር። አንድ ቀን ሲመጡ በሩ ላይ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ ደግሞ ማስታወቂያ ጠበቃቸው። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦ «ለሴቶች እግር ኳስ ዕድገት ሲባል እዚህ ሜዳ ላይ ኳስ መጫወት ክልክል ነው። ሣሩን በጫማ መርገጥ ክልክል ነው።» ልጆቹ ታዛዦች ናቸውና ቢያንስ ሮጥ ሮጥ እንበልበት ብለው በማግሥቱ ጫማቸውን አውልቀው መጡ። አሁንም ጥበቃው ጋሽ ሻንቆ ናቸው፤ ግራ ቢገባቸው ቢሮዎ ድረስ ሄደው ጠየቁ። ይዘው የተመለሱት መልስ፣ እግርም እንደ ጫማ ይቆጠራል የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥልቅ ትርጓሜ ከዚህ ቀደም ሰምቼ አላውቅም።

፪ኛ/ ስለ ላሞቹም አመሰግናለሁ። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ ማጨጃ ደግሞ የለም። ኮሚቴው ግማሽ ቀን ተሰብስቦ በመጨረሻ የሰብሳቢው ሦስት ላሞች እየገቡ እንዲያጭዱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እርስዎም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ላሞችዎን ሳይሰስቱ ስለለገሱ ልቤ ተነክቷል፤ ጎናቸው እንዴት እንደሞላ ከጁስ ቤቴ ሆኜ አያለሁ። ጋሽ ሻንቆ ያለ ወረቀት ዝንብ የማያስገቡ ሰው ናቸውና ለላሞቹ ማኅተም ያለው የመግቢያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፦ አንዲት ዳለቻ፣ አንዲት ቦራ፣ አንዲት ዳማ። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው መልክ እያመሳከሩ ያስገባሉ። አንድ ቀን የጎረቤት ቦራ ተቀላቅላ ብትመጣ የማጣራቱ ሥራ እስከ ረፋዱ ወስዷል። ላሞቹ ጫማ እንደማያደርጉ አልክድም። እግር እንደ ጫማ ከተቆጠረ ግን ኮቴስ እንደ ምን ይቆጠራል? መመሪያው ዝም ይላል።

በዚህ መሀል ልጆቻችን የሚለማመዱት ከጁስ ቤቴ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ ነበር። እዚያ ኳስ አንዴ ካመለጠ ነሪ ወንዝ ሳይደርስ አይቆምም። ስለዚህ ዳገት በመሮጥ የሚበልጧቸው አጥቂዎች የትም ያሉ አይመስለኝም። ለሥልጠናው አመሰግናለሁ። ይህ ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠርልኝ።

፬ኛ/ ልጆቹን በመጨረሻ ስላስታወሷቸው አመሰግናለሁ። ገምጋሚዎቹ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሳምንት ሲቀር እነዚያኑ አሥራ ስድስቱን አስጠሩ፤ እኔም ሞኟ ሊጫወቱ ነው ብዬ ታኬታቸውን አጠብኩ። ለካስ እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ፣ ካሜራ ያነገተ ጎብኚም ይሁን ባለሥልጣን፣ ልጃገረዶች ተሰልፈው አንድ ነገር መያዝ አለባቸው። ስምንቱ አበባ ያዙ፣ ሰባቱ ጭፈራ ተመደቡ። ዮርዲ ቁመቷ ረዥም፣ እጇም ሰፊ መሆኑ ተጠንቶ የማር ገበታ ተሰጣት። የልጄን እጅ ስፋት ኮሚቴው ስላየልኝ ምንጊዜም አልረሳውም። አራት ገጽ የሆነውን የአቀባበል ፕሮግራም ሳነበው ኳስ የሚለውን ቃል አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁት፤ እሱም «ኳስ (ካለ)» ይላል።

ከዚያ ማክሰኞ ሆነ። እርስዎ ስለነበሩ መንገር አያስፈልገኝም፤ ግን ያልነበሩ ሰዎች ይህንን ያነባሉና ይፍቀዱልኝ።

ሁለቱ ገምጋሚዎች፣ ሴቶች ናቸው፣ ከመኪና ወርደው መጀመሪያ ያዩት መሀል ሜዳ የተኛችውን ዳለቻ ነው። እርስዎ ይህ በአካባቢው የሚሠራበት የተፈጥሮ ማጨጃ መሆኑን በሰፊው ገለጹላቸው። ቀጥሎ ለፎቶ ብለው ጎሉ መሀል ቆሙ፤ ዮርዲም ማሯን ይዛ አጠገብዎ። በዚህ ጊዜ አንደኛዋ ገምጋሚ የሜዳውን ንጥረት ልሞክር ብላ እበቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ከመኪናው ይዛ የወረደችውን ኳስ ፍፁም ቅጣት ምት መምቻው ላይ አስቀምጣ መታች። ሴትዮዋ ድሮ ተጫዋች እንደነበረች ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ኳሱ ወደ እርስዎ፣ በቀጥታ ወደ መነጽርዎ ይበር ነበር። ልጄ ገበታውን ወርውራ፣ ዘልላ፣ በሁለት እጇ አየር ላይ ቀለበችው! ኳሱ እቅፏ ውስጥ፣ መነጽርዎ አፍንጫዎ ላይ፣ ማሩ ጫማዎ ላይ። ሦስቱም ደኅና አረፉ።

ገምጋሚዋ ይህች የየትኛው ቡድን በረኛ ናት ብላ ስትጠይቅ፣ እርስዎ ማር ውስጥ እንደቆሙ የባህል ቡድን አባል ናት ብለው መለሱ። እሺ፣ የከተማው ሴት ልጆች የሚጫወቱት የት ነው ስትልስ? ኮሚቴው በሙሉ ሰማይ ሰማይ አየ። ያን ጊዜ ጋሽ ሻንቆ፣ ሥራዬ ተጠየቀ ብለው ነው መሰለኝ፣ ወደፊት ወጥተው፣ ደብዳቤውን ከኪሳቸው ስበው፣ ወደዚህ ሜዳ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ሴቶች እነዚህ ብቻ ናቸው ብለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ ዳለቻ፣ ቦራ፣ ዳማ፤ ቁጥርና ቀን፤ የእርስዎ ፊርማ።

እንግዲህ ገምጋሚዎቹ የጻፉትን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሣሩ ጥሩ ነው፤ ግን የራሷ ልጆች የማይጫወቱባት ከተማ ብሔራዊ የሴቶች ቡድን አታስተናግድም፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመልሰን የነሪ ልጆች እዚህ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ካላየን ጥያቄው ይዘጋል። እርስዎም በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥተው፣ እህቴ ሙሉሽ ብለው፣ ሁለት ብርጭቆ በግልጽ በስኳር ጠጥተው፣ ልጆቹ ይገኙ እንደሆነ ጠየቁኝ። እህትዎ መሆኔን በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ እንዴት እንዳስደሰተኝ!

መልሴ እነሆ። ይገኛሉ። ሉሲዎቹ ጂንካ እንዲመጡ ከእርስዎ ይልቅ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ ዮርዲ እንቅልፏን አጥታለች። የጠየቁትም ጥቂት ነው። ማስታወቂያውን የሰቀለው እጅ ራሱ ያውርደው፤ ሜዳውም ገምጋሚዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሉሲዎቹም መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የእነሱ ይሁን፤ ይህም እንደ ላሞቹ በማኅተም ይጻፍላቸው። ሌላው የአቀባበሉ ነገር ነው። ልጆቹ በዕለቱ ጨዋታ ላይ ስለሚሆኑ አበባውንና ጭፈራውን ኮሚቴው ይከፋፈለው። ማሩን እርስዎ ይይዙታል። እጅዎ እንደ ልጄ ሰፊ ባይሆንም በሁለት እጅ ከያዙት ይችላሉ።

የሴቶችን እግር ኳስ ከሴቶች ለመጠበቅ ያደረጉትን ድካም ዘወትር የማስታውስ፣ ስኳሩን ከእንግዲህ ፊት ለፊት የማቀርብልዎ፣ ታላቅ አክባሪዎና አዲሷ እህትዎ፣

ወይዘሮ ሙሉሽ ኤርጎ
ጁስ ቤት፣ ከአጥሩ ፊት ለፊት

ማሳሰቢያ፦ የበሩን ቁልፍ ቢሮዎ ውስጥ ሲፈልጉ እንደሰነበቱ ሰምቻለሁ፤ አይድከሙ። ጋሽ ሻንቆ የገምጋሚዎቹን ቃል እንደ ትእዛዝ ቆጥረው ረቡዕ ጠዋት ለዮርዲ አስረክበዋታል፤ አሁን እኔ ዘንድ ከመፍጫው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተጫወቱ ነው። መጥተው ቢያዩ ደስ ይለናል፤ ሆኖም ማስታወቂያዎ እስኪወርድ ድረስ ሕጉ እንደጸና ነውና በጫማ መግባት አይቻልም። በባዶ እግር እንዳይሉ፣ እሱም እንደ ጫማ ይቆጠራል። ከአጥሩ ውጭ ግን ዳለቻዋ አጠገብ ቦታ አለ፤ ጠጋ ትልልዎታለች።