«ሳጥኑን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ገመድ አያስፈልግም»

ለተከበሩ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ ደህና ናቸው? በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የኢንተርኔት ራውተርስ እንደምን ሰንብቷል? መብራቶቹ ሁሉ በሰላም በርተው እንደሚውሉ ጥርጥር የለኝም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ያድርግልዎ።

ለመሆኑ ክቡርነትዎ፣ «ይቺ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ቀጥ ብላ የምትበራው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የሚያነቡት ደንበኞችዎ እንደጠየቁ አውቃለሁ። ራውተሩ ፊት ቆመው፣ እንደ ሕመምተኛ እያዩት፣ አጥፍተው አብርተው፣ ነቅለው ሰክተው ጠይቀዋል። እኔ ግን በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ ቤት ስለምውል ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ጠይቄያለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ከዚህ በፊት በስምዎ የላክኋቸው የት እንደገቡ ስላላወቅሁ ነው፤ ምናልባት እነሱም ግማሽ መንገድ ደርሰው እየተመለሱ ይሆናል።

ከአቤቱታዬ በፊት የቤታችንን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ተሳፋሪ ሳይወርድ ጨዋታቸው የማያልቅ ሰው ናቸው። አምና በድንገት ወደቁ። ሲነሱ ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው አብረዋቸው አልተነሱም። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ይረዳሉ፤ ቃሉ ግን አፋቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ደግነቱ በሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል በቪዲዮ በሚሰጠው የንግግር ሕክምና ፕሮግራም ተቀበላቸው። ሐኪሟ በስክሪኑ ላይ ከንፈሯን እንዴት እንደምትገጥም፣ ምላሷን የት እንደምታሳርፍ እያሳየች ታስተምራቸው ነበር። ተራ ጠባቂው ብዙ ስለሆነ ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ሦስት ትምህርት በተከታታይ የቀረ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ይሰጥበታል። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ አባቴ ደረጃ መውረድ አይችሉም፤ የሞባይል ኔትወርኩም እኛ ክፍል ውስጥ ድምፅ ያመጣል እንጂ ምስል አያመጣም። ስለዚህ የአባቴ ንግግር፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ በእርስዎ ሳጥን በኩል ነበር የሚያልፈው።

ደግሞም መምጣት ጀምሮ ነበር። «ነይ» የምትለዋን ቃል አወጡ። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ሰማቻቸውና የሳሙና አረፋ ከእጇ ሳይወርድ ሮጣ መጥታ፣ «አቤት! አቤት የኔ ጌታ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች። ምንም አልፈለጉም። መጥራት መቻላቸውን ነበር የፈለጉት። ያን ቀን ያለ አንዳች ጉዳይ እየደጋገሙ ሲጠሯት ዋሉ፤ እሷም «ዛሬስ ሰውዬው አሽከራቸው አደረጉኝ» እያለች፣ እያጉረመረመች፣ ዓይኗን በመቀነቷ እየጠረገች ስትመላለስ ዋለች።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፤ ወይም እርስዎ እንደሚወዱት፣ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ፤ ስለ ጥገና ባለሙያዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የራውተራችን የመብራት አዳፕተር ተቃጥሎብን ስንደውል በማግስቱ መጣልን። ቦርሳው ውስጥ እጁን ከትቶ እርስ በርስ የተጠላለፉ አዳፕተሮችን ባንድነት ጎትቶ አወጣና አንዱን ሲሞክር አልገባም፣ ሌላውን ሲሞክር ላላ፣ ሦስተኛው ልክክ አለ። «ይሄው፤ ከገባ ይሠራል እህቴ» ብሎኝ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። «ከገባ ይሠራል» የሚለው መርህ ብዙ የመሥሪያ ቤት ወንበሮችን እንደሞላ ስለማውቅ እኔም አልተከራከርኩም።

፪ኛ፤ ከዚያ በኋላ ራውተሩ በፈለገው ሰዓት እየጠፋ መነሣት ስለጀመረ፣ ትዕግሥት እንድንማር ስለረዳን አመሰግናለሁ። አንድ ቀን በትምህርት መሐል ሐኪሟ «አሁን ደግሞ እርስዎ ይበሉ» ልትል «አሁን ደግሞ» ላይ ደርሳ፣ አፏን እንደከፈተች ምስሉ ደርቆ ቀረ። አባቴ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ሰው ሳይጨርስ አይናገሩም። ከንፈራቸውን አሰናድተው፣ አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አድርገው፣ የደረቀችው ሴት ንግግሯን እስክትጨርስ ጠበቋት። «አባዬ፣ ተቋርጧል እኮ» ብላቸውም በግራ እጃቸው «ቆይ» የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ሳጥኑን ታቅፌ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በመስኮቱ ላይ በትልቁ «ሳጥኑን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ገመድ አያስፈልግም» ተብሎ በተጻፈው ማስታወቂያ መሠረት አዳፕተሩን ከነገመዱ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሳጥኑን ተቀብሎ እሱ ጠረጴዛ ላይ ካለው ገመድ ጋር ሰካው። በራ። «ይኸው እንደ ፀሐይ ያበራል፤ ችግሩ እናንተ ቤት ነው» አለኝ። ቤት ወሰድኩት፤ ጠፋ። መልሼ አመጣሁት፤ በራ። እናቴ፣ «እሱስ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚሻለው በሽተኛ ነው» አለች። እያንዳንዱ ምልልሴ በኮምፒውተራችሁ ላይ «ብልሽት የለውም» ተብሎ መመዝገቡን ግን ያኔ አላወቅሁም።

፫ኛ፤ እንግዲህ ዕቃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሶፍትዌር የተማረ ሰው ምን ያድርግ፤ ጥርሱን ቢያመው እንኳ ሶፍትዌር ነው ይላል። በበጎ ፈቃደኞች የተሠራና በነፃ የሚወርድ ሌላ ሶፍትዌር አገኘሁ፤ የጫኑት ሁሉ ያመሰግኑታል። «አይነካ» ከሚለው የድርጅትዎ ተለጣፊ ይልቅ የአባቴ ትምህርት ስለበለጠብኝ የእናንተን አውጥቼ እሱን ጫንኩ፤ በስልክ ጥገና ቤቶች ቋንቋ «ፍላሽ አደረግሁት»። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አንቺ ልጅ ተይ» ብላኝ ነበር።

ዘንዶው ወጣ። ራውተሩ ያን ጊዜ ጭራሽ መነሣት ተሳነው። የመጀመሪያዋ መብራት ትበራለች፣ ሁለተኛዋ ትከተላለች፣ ሦስተኛዋ ብልጭ ትላለች፤ የዋይፋይዋ ተራ ሲደርስ ሁሉም ድርግም ይሉና ከመጀመሪያው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሪሴት ቁልፉን በመርፌ ተጭኜ ያዝኩ። ሌላ ዓይነት ጫንኩ፤ ያንንም አውርጄ የነፃውን የቆየ እትም ጫንኩ፤ የእናንተው ግን ከየትም አልተገኘም። ክዳኑን ከፍቼ፣ ውስጡን በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ሲነሣ የሚጽፈውን መልእክት መስመር በመስመር አነበብኩ። ሁሉን በትክክል ይሠራል፤ የዋይፋዩን ሬዲዮ ሊቀሰቅስ ሲል ግን እንዳልነበረ ሆኖ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው መብራቶቹን ይከታተሉ ነበር። እንደገና በርቶ እንደገና ሲመለስ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በጣታቸው ራውተሩን አሳዩኝ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት ወደ ገዛ አፋቸው አዙረው «ነ…» አሉና ቆሙ። «ነ…» አሉ። ከዚያ በሚታዘዝላቸው በግማሹ ፊታቸው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ስቄም ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትሁ።

፬ኛ፤ በመጨረሻ ተሸንፌ ሳጥኑን ይዤ ስመጣ ያው ልጅ ከሥር ያለው ተለጣፊ መነሣቱን አየና «የተነካካ ዕቃ አንሰካም» አለኝ። ሳይሰካው መለሰልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ይበራ ነበር፤ እዚያው መስኮት ላይ ሁላችንም ነገሩን እንረዳው ነበር። ስለ ደንብ አክባሪነቱ አመሰግናለሁ።

፭ኛ፤ ነገሩን የገለጠልኝ ትምህርቴ ሳይሆን ብርድ ነው። የአባቴ ቀኝ እጅ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ገመዱን ላስተካክል ስጎነበስ ያ እጅ የመብራት ማከፋፈያው ላይ በተሰካው አዳፕተር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ላነሳው ስል እናቴ፣ «ተይው፣ ይሞቀው። አዳፕተሩ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ እሱ ላይ ነው የሚያሞቁት» አለችኝ። አዳፕተሩን ነካሁት። ምድጃ ዳር እንደዋለ ክዳን ግሎ ነበር። አዳፕተር ለብ ይላል እንጂ እጅ እስኪያሞቅ አይግልም። ገልብጬ ጽሑፉን አነበብኩ፤ ራውተሩ ሁለት አምፔር ይፈልጋል፣ የእርስዎ ባለሙያ «ከገባ ይሠራል» ያለው ግን ግማሽ አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው። በእናንተ ሶፍትዌር እየተንገዳገደም ቢሆን ይሄድ ነበር፤ አዲሱ ግን ገና ሲነሣ ሬዲዮውን በሙሉ ኃይል ስለሚቀሰቅሰው ጉልበት ያጥረውና ይወድቃል። በእናንተ መስኮት ላይ ደህና የሚሆነውም በእናንተ ገመድ ስለሚሰካ ነበር።

ከፎቁ ሥር ያለውን ፀጉር አስተካካይ ለምኜ ሁለት አምፔር የሚሰጠውን የጥበቃ ካሜራውን አዳፕተር ተዋስኩ። «ውሰጂ፣ ዛሬ የሚሰርቀኝ ካለ ላንቺ ነው የምደውለው» ብሎ ሰጠኝ። ሰካሁት። አንደኛዋ በራች፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ የዋይፋይዋም በራች። ቆመች። እናቴ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? ሐኪሟን ስናገኛት ሦስቱ ትምህርቶች አልፈው፣ የአባቴ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ያንን ሰው አልቀናበትም፤ እሱም የሚጠራው ሰው ይኖረዋል። ሐኪሟ አዝና ከወረፋው መጨረሻ አስገባቻቸው። እስከዚያው እኔ እንደ እሷ ከንፈሬን እየገጠምኩ እሞክራለሁ፤ አባቴን ግን ልምምዱ ሲቋረጥ «ነይ» አመለጠቻቸው። «ነ…» ላይ ቀርታለች። በትምህርቱ ቀን አሁንም ፀጉራቸውን አስበጥረው፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው ስክሪኑ ፊት ይቀመጣሉ። ዛሬ የለም ብለን ብንነግራቸውም ይቀመጣሉ። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የውሃውን ቧንቧ ዘግታ ነው ዕቃ የምታጥበው፤ ድንገት ቢጠሯት እንዳያመልጣት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ፕሮግራሙ «የቀራችሁት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንደነበር አገልግሎት ሰጪው ከጻፈላችሁ ተራው ይመለሳል» ብሎናል። መስኮትዎ ላይ ይህንኑ ስጠይቅ፣ በኮምፒውተሩ መሠረት የእኛ ቤት ራውተር አንድም ቀን ተበላሽቶ እንደማያውቅ ተነገረኝ። ሶፍትዌሩን ስለመቀየሬ የሚገባኝ ቅጣት ካለ በኔ ላይ ይሁን፤ ያንን በሌላ ወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ፣ ፈርሜ እቀበላለሁ። ለአባቴ ግን አንዲት መስመር ይጻፉላቸው፤ «የሰጠናቸው አዳፕተር ልኩ አልነበረም» የምትል። ደግሞም ያን ማስታወቂያ ያንሱትና «ገመዱንም ይዘው ይምጡ» የሚል ይለጥፉበት። ወረቀቱን እኔ አምጥቼ እለጥፈዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ደንበኞችም ተነሡና ከራውተራችሁ ጀርባ ያለውን አዳፕተር በእጃችሁ ንኩት። የሚያሞቅ ከሆነ ጻፉልኝ፤ ብዙ ከሆንን መስኮቱ ጋ አብረን፣ ገመዶቻችንን ይዘን እንሄዳለን።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ምስጋናዎቹ ላይ ሳቁ። ሲያልቅ እሳቸውም የሚጨምሩት ነገር እንዳለ በጣታቸው ምልክት ሰጡኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ጀመሩት፣ ተመለሰ፤ ጀመሩት፣ ተመለሰ። ስለዚህ ቦታውን ክፍት ትቼላቸዋለሁ፤ የእርስዎ መልስ ሲደርስ ይሞላል፦

የአባቴ ቃል፦ ነ……………………

መልስዎን እየጠበቅሁ፣ ደጅ ደጁን እያየሁ፣ ለክብርዎ እጅ እየነሣሁ፣ መብራቶችዎ ቀጥ ብለው እንዲበሩ ከልቤ እየተመኘሁ፤

በመዝገብዎ «ብልሽት የለውም» የተባለው ቤት ልጅ

ማስታወሻ፦ ድርጅትዎ ላወጣው የኔትወርክ ቴክኒሻን ክፍት ቦታ አመልክቼ «የሥራ ልምድ የላትም» ተብያለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልኝ። አዳፕተራችሁን ግን ከደብዳቤው ጋር አላያያዝኩትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትክክለኛው አዳፕተር ስለማይሞቅ አባቴ እጃቸውን ያሳርፉበትና ወዲያው ያነሱታል። ስለዚህ የእናንተን ምንም ሳልሰካበት፣ ብቻውን፣ እጃቸው ሥር አስቀምጬላቸዋለሁ። አሁን ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሆንም ከላካችሁልን ሁሉ ለአባቴ የጠቀመው እሱ ብቻ ስለነበር፣ መልስዎ እስኪመጣ በመያዣነት ይቆይ።