ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ፍሬኑ ስለማይይዘው አውቶቡስ

ለተከበሩ የአውቶቡስ ጋራዣችን ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እኔም በእርስዎ አመራር ሥር እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሬን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። የቁልቁለቱን መስመር የምነዳው ሾፌርዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በጸሐፊዎ በኩል የላክሁት ሁሉ ምክትልዎ ዘንድ እየቀረ ስላስቸገረኝ ነው።

፩. ሥራችንን ከቢሮዎ መስኮት ሆነው ስለሚከታተሉልን እናመሰግናለን። ከመስኮትዎ ፊት የሚቆሙት አውቶቡሶች እስኪያብረቀርቁ ይታጠባሉ፤ መካኒኮቹም ዘይት ያልነካው ቱታ ለብሰው እዚያው ሽር ጉድ ይላሉ። ከሕንጻው ጀርባ የሚቆሙትን ግን፣ የእኔን ጨምሮ፣ አለቃ ስለማያያቸው መካኒክም አያያቸውም።

፪. «ተበላሽቷል» የሚለውን ቃል ከጠዋቱ ስብሰባ ስላጠፉልን እናመሰግናለን። ይህን ቃል የሚናገር ሰው ለእርስዎ ክፉ የሚመኝ መሆኑን ምክትልዎ ስላስተማሩን፣ ዛሬ ጎማ ሲፈነዳ «በመሻሻል ላይ ነው» እንላለን።

፫. የፍሬን መካኒካችንን በር ጠባቂ ስላደረጉት ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰውየው የእኔ አውቶቡስ ፍሬን አይይዝምና መውጣት የለበትም ብሎ በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናገረ፤ ምክትልዎም አድመኛ አሉት። ከዚያ ወዲህ አብሮት ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። ከአንድ አውቶቡስ ሥር አብሮት ተኝቶ ሲጠግን የኖረው ጓደኛው እንኳ፣ ከመስኮትዎ እንዳይታይ ፈርቶ ሰላምታውን በአገጩ ይመልሳል። በቦታው የተተኩት የምክትልዎ የእህት ልጅ ደግሞ እጃቸውን ሳያቆሽሹ ፍሬኑ ደህና ነው ብለው ፈረሙ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ዛሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። በማርሽ እየታገልኩ ከግንብ ጋር አፋትጌ አቆምኩት። ከኋላዬ አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ስመለስ የሆነውን ለምክትልዎ ብነግራቸው የተሳፋሪ አያያዜን እንዳሻሽል መከሩኝ፤ ነገ ጠዋትም ያንኑ አውቶቡስ እንዳወጣ አዘዙኝ።

አላወጣውም። መካኒኩ ወደ ሥራው ተመልሶ ፍሬኑን በእጁ እስኪያስተካክለው ድረስ፣ ቢያባርሩኝም አላወጣውም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለምክትልዎ ሹመት፣ ለተሳፋሪዎቻችን ደግሞ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ፌርማታ የሚያደርስ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ባርኔጣዬን በማንሳት የምሰናበትዎ፣

የቁልቁለቱ መስመር ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለመታዘዝ እንዳልታማ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ፍሬኑ ደህና ነው የሚሉ ከሆነ ምክትልዎን ከጎንዎ አስቀምጠው ቁልቁለቱን አንዴ ይውረዱልኝ፤ እኔ ከግርጌው፣ ትንሽ ፈንጠር ብዬ፣ በአክብሮት እጠብቅዎታለሁ።